በሃምሳው የጾምኩት ረቡዕ

ዋሽቼ አላውቅም ብዬ አልምልም። ስዋሽ ግን ደህና አድርጌ የምዋሽ ይመስለኝ ነበር። ይህን እምነቴን ያፈረሱብኝ በግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ ለዚያውም በአንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ባዶ ሆዴን ይዤ ስኳር ልገዛ ስሄድ።

በመጀመሪያ ግን የአንጀቴን ጉዳይ ልናገር። ያኔ ዳንግላ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሃምሳን በአንድ ዓመት አልፌ ነበር። በዐቢይ ጾም ማለቂያ ግድም ሆዴ ተነፋ። ሽሮው ነው አልኩ፣ አተሩ ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ከላይ ማስታወክ፣ ከታች ምንም የለም። እጥፍጥፍ ብዬ በባጃጅ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያው በሚኒባስ እንጅባራ ገባሁ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና ትልቁ አንጀቴ ዞሮ እንደተጠማዘዘ ነገረኝ። ከዚያ በጎኔ አስተኝተው፣ በማላወራው በኩል፣ ረጅም ቱቦ አስገቡ። የታመቀው አየር ሲወጣ ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ተሰምቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቀጥ ብዬ የቆምኩ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። ሆዴ ግን ሟሸሸ፣ ሕመሙም ለቀቀኝ።

«ለጊዜው ተፈትቷል» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ይመለሳል፤ የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንጀቱ ሳይበሰብስ እዚህ ስለመድረስዎ ማንም ዋስ አይሆንም። የሚጠማዘዘውን ክፍል ቆርጠን እናውጣው።»

ከፋሲካ በኋላ ለሆነች አርብ ቀጠሮ ሰጡኝ። አንዲት ነርስ የዝግጅቱን ነገር በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል ነገር የለም፤ ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ የብርጭቆው መቀመጫ የሚታይበት። ረቡዕ ከሰዓት የሚያስቀምጥ ክኒን እውጣለሁ። ሐሙስ እተኛለሁ፣ እዚያ ደግሞ በውሃ ያጥቡኛል። አርብ ከጠዋት ጀምሮ ውሃም ክልክል ነው።

«ሁለት ነገር ደግሞ እንዳይረሱ» አለች። «አስታማሚ ይዘው ይምጡ። ደም ከወሰዱ ምትኩን የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፤ የደሙ ዓይነት ምንም ይሁን። ሰው ከሌለዎት አልጋው ለሌላ ተረኛ ይሰጣል፣ ወረፋው ረጅም ነው። ማን ይመጣል?»

«እህቴ» አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

እህቴ አዘና ናት። ከእናታችን ሆድ የወጣነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ካልተነጋገርን ግን አራት ዓመት አልፎን ነበር። ያጣላን የእናታችን ተዝካር ነው። እሷ አርባዋ ይውጣ፣ አገር ይብላ፣ ካህናት ይጸልዩ አለች። እኔ የተማርኩ ነኝ አይደል? «ለሞተ ሰው ድግስ ምን ይሠራለታል? በሬ አርዶ ጎረምሳ ከማጥገብ ለድሃ መስጠት ይሻላል» አልኩ። ለድሃም አልሰጠሁ። እህቴ ብቻዋን ደግሳ ብቻዋን አወጣች፤ እኔ በማግስቱ እንደ እንግዳ ሄድኩ። በር ላይ ቆማ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ፣ አንተ ግን ተረት አትሰማም» አለችኝ። እኔም አፌ አያርፍም፣ «ካንቺ ጋር ከመብላት ይሻላል» ብያት ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳሁም፤ ኋላ እሷም መደወሉን ተወችው።

ብቻዬን መብላቱን እንደሆነ ለምጄው ነበር። ሚስቴ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር፤ የሄደችው በዚሁ አፌ ነው፣ አላማርራትም። ሬዲዮ ከፍቼ፣ ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልለመድኩም። እናታችን ቁራሽ እንኳ ይዛ ሰው ካየች «እንብላ» ሳትል አትቆርስም፤ እኛንም በኩርኩም ነው ያስለመደችን። እኔ ቤት ውስጥ «እንብላ» የሚባል ሰው የለም። አንዳንዴ እጄ ቁራሹን ይዞ አፌ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቀና እልና በሩን አያለሁ። ከዚያ እጎርሳለሁ።

እንግዲህ ያ ረቡዕ መጣ። ርቦኛል። ለሻይ የሚሆን ስኳር ልገዛ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ረመዳን ስለነበር ሐጂ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ከባንኮኒው ኋላ ከረጢት ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ትኩስ ዳቦ መጥቷል፣ ልጠቅልልህ መምህር?» አሉኝ። ከጾም ቀን በቀር ሁልጊዜ ጠዋት ከሳቸው ሁለት ዳቦ እወስዳለሁ።

«ይቅርብኝ ሐጂ። ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ።»

ዕድሜ ልኬን በረቡዕ የምለውን ነው ያልኩት፤ አፌ ራሱ ነው የተናገረው። ሐጂ ስኳሩን ሊሰፍሩ ያነሱትን ጣሳ አየር ላይ እንደያዙ ቆሙ።

«በሃምሳው?»

ክው አልኩ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳው ቀን ረቡዕ የለ፣ አርብ የለ፣ ቄሱም ሥጋ ይበላል። በዚያ ሰሞን ጾምኩ ያለ ክርስቲያን ወይ አብዷል ወይ ይዋሻል። ሐጂ ደግሞ የእኛን ጾም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ዘይቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ እንቁላሉ መቼ እንደሚፈለግ የሚያሳያቸው መደርደሪያቸው ነው። የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ የፍልሰታን መግቢያ እኔ ራሴ እሳቸውን ጠይቄ አውቃለሁ።

«ንስሐ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«የንስሐ አባትህ በሃምሳው ጾም ሰጡህ? እስቲ ስማቸውን ንገረኝ፣ ለጳጳሱ እንዳመለክትባቸው።»

«ምን አገባዎት ሐጂ! እርስዎ የራስዎን ይጹሙ!»

ብዬ ተፈናጥሬ ወጣሁ። ስኳሩን ሳልወስድ ሄጄ ሻዬን መራራ ጠጣሁ። ሽማግሌ ላይ በመጮኼ ቀኑን ሙሉ ቆጨኝ፤ ተመልሼ ይቅርታ ልበል ብል ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ።

ከሰዓት ክኒኑን ዋጥኩ። በግቢያችን አራት ቤተሰብ እንኖራለን፣ መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፣ መንገዱም በሐጂ ጓሮ በኩል ነው። ሐጂ ደግሞ ከሰዓት ጾሙ ሲከብዳቸው ሱቁን ለሚስታቸው ትተው በዚያው ጥላ ሥር ወንበር ያወጣሉ። አንዴ አለፍኩ፣ ዝም አሉ። ሁለቴ አለፍኩ፣ ዝም አሉ። በአምስተኛው ማንቆርቆሪያዬን አንጠልጥዬ ስሮጥ አላስቻላቸውም።

«አንተ መምህር! ጾም ነኝ ብለህ አልነበር? ያልበላ ሰው ምኑን ነው የሚያመላልሰው?»

ስመለስ ሽንት ቤቱን ከጓሮው የሚለየውን ቆርቆሮ ይዤ ቆምኩ። ነገርኳቸው። ቱቦውንም፣ እንጅባራንም፣ ቢላዋውንም፣ አርብንም ነገርኳቸው። ይህን ከአፌ አውጥቼ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፄ መሐል ላይ ሲሰበር ራሴን ታዘብኩት።

«ማን አለ ካንተ ጋር?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«እህቴ ትመጣለች።»

ከመሬት አንዲት ቅጠል አንስተው በጣታቸው አሹት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሚስታቸው ፔርሙዝ ይዘው በሬን አንኳኩ። «የገብስ ውሃ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጥልዬዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ «ሥጋ የነካው ዕቃ አይደለም፣ ሳይሰቀቁ ይጠጡት» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር እኔ የነሱን ሥጋ፣ እነሱ የእኔን ሥጋ ቀምሰን አናውቅም፤ የአገሩ ደንብ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። ብርጭቆ ላይ ቀድቼ አየሁት። መቀመጫው ይታያል። እሳቸው ራሳቸው ጠዋት ከጎህ በፊት የቀመሱትን ይዘው ምድጃ ሥር እንደዋሉ የገባኝ ከሄዱ በኋላ ነው። አመሰግናለሁ እንኳ በወጉ አላልኳቸውም።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐጂ ሱቅ ገና አልተከፈተም፤ ሳያዩኝ በማለፌ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። መንገድ ላይ፣ አዲስ ቅዳም የምትባለው ከተማ ስንደርስ፣ የከሰል ጆንያ ከተደረደረበት ዳር፣ አንዲት እናት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ቆሏቸውን ፈተው ከራሳቸው በፊት ለኔ ዘረጉ። «እንብላ ልጄ።» አልበላም አልኳቸው። «ምነው፣ ተጸየፍከኝ?» አሉ። አመመኝ ብል ምን ነበረበት? «ጠግቤ ነው እናቴ» አልኩ። ሆዴ ጮኾ አጋለጠኝ። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስከ እንጅባራ አላናገሩኝም።

እንጅባራ ጭጋግ ነበር፤ ግንቦትም ሆኖ ይበርዳል። ያስተኙኝ ክፍል ውስጥ ከጎኔ አንድ ገበሬ ተኝቷል። እግሩ ሥር፣ ራስጌው፣ መስኮቱ ላይ፣ ወለሉ ላይ ሰው ነው። አጎት አለ፣ አማች አለ፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡት ጎረቤቶች አሉ። ጥበቃው ያስወጣቸዋል፣ በሌላው በር ይገባሉ። ነርሷ እኔን ወስዳ በውሃ አጠበችኝ፤ ስለሱ የምለው የለኝም፣ ሰው ከነፍሱ በቀር ሁሉንም ነገር ከሆዱ ሊያወጣ እንደሚችል ግን አወቅሁ። እየተንገዳገድኩ ስመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ የተቀመጡት የገበሬው ሰዎች ብድግ አሉልኝ።

በአውንጊ ነበር የሚያወሩት። ሸሚዜንና መነጽሬን አይተው አይሰማም ብለዋል መሰለኝ። አንዷ ሴት፣ «ይኼ ሰውዬ የማን ነው?» አለች። ሌላዋ፣ «ከጠዋት ጀምሮ አየሁት፣ ሰው የለውም» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ ያሳደገችኝ በዚያው ቋንቋ ነው። ከሞተች ወዲህ አንድም ሰው በሱ አናግሮኝ አያውቅም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጆሮዬ የገባው ቃል «ሰው የለውም» ሆነ። ወደ ግድግዳው ዞሬ የተኛሁ መሰልኩ።

ነርሷ መጣች። «አስታማሚዎስ?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«ነገ ሁለት ሰዓት ድረስ ነው የምንጠብቀው። ከዚያ በኋላ ተራው ለሌላ ይሰጣል፣ እኔን እንዳይቀየሙኝ።»

ስልኬን አወጣሁ። የእህቴን ስም ፈልጌ አገኘሁት። ተጫንኩት፣ መጥራት ሳይጀምርም ዘጋሁት። ኔትወርክ የለም አልኩ ለራሴ። ኔትወርኩማ ሞልቷል። ምን ልበላት? አራት ዓመት ዝም ብዬሽ ዛሬ አንጀቴ ሊቆረጥ ነውና ነይ አስታምሚኝ? በእናታችን ተዝካር እጄን ኪሴ ከትቼ ዛሬ ደምሽን ስጪኝ? አፈርኩ። ደግሞም ፈራሁ፤ እምቢ ብትለኝስ? ሞትን ፈራሁ፣ ከሞቱ ይልቅ ግን ነገ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያቺ ነርስ ፊቴ ላይ የምታየውን ፈራሁ። ወደ ዳንግላ ተመልሼ፣ አንጀቴ እንደገና እስኪዞር ቁጭ ብዬ መጠበቄ ነው።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ልብሴን ፌስታሉ ውስጥ መልሼ ነበር። ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል በሩ ላይ ነጭ ጀለቢያ አየሁ። ሐጂ፣ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው፣ ክፍሉን በዓይናቸው ይቃኛሉ።

«ወዴት ነው ጫማው?» አሉ ሲያዩኝ። «እህትህስ የታለች?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስትዋሽ እንኳ ቀን አታይም። ረቡዕ በሃምሳው ጾምክ። ዛሬ ደግሞ አራት ዓመት እንዳላነጋገርካት ግቢው ሁሉ የሚያውቀው እህትህ መንገድ ላይ ናት። ጫማህን አውልቅ።»

አወለቅሁ። የገበሬው ሰዎች ያዩናል፤ ትናንት ከንፈሯን የመጠጠችው ሴት ለሐጂ ወንበር ለቀቀች። ነርሷ መጥታ ስማቸውን ጻፈች። የሳቸውን ስም የኔ ስም ጎን ስትጽፍ ብዕሯ ትንሽ ቆመ፤ «ዝምድና» በሚለው ላይ ምን ትበል? ሐጂ «ጎረቤት» አሏት፤ እሷም ጻፈችው።

«ደሙንስ የሚሰጥ?»

«እኔ አለሁ። ስልሳ አልሞላኝም፣ ውሰጂ።»

«ቁርስ በልተዋል?»

«ጾመኛ ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «ከጾመኛ አንወስድም፣ አባቴ። ወድቀው ሁለተኛ በሽተኛ ይሆኑብናል። ወይ በልተው ይምጡ፣ ወይ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ዶክተሩ እየታጠበ ነው።»

ሐጂ ጃንጥላቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩት። አሥራ አንድ ረመዳን አይቻቸዋለሁ፤ አንድ ዓመት ወባ ይዟቸው እንኳ ሰው በግድ ነው ያስፈታቸው፣ እሱንም አልቅሰው። ዕለቱ ደግሞ ጁምዓ ነው።

«ይተዉት ሐጂ» አልኳቸው። «ሌላ ቀጠሮ እወስዳለሁ። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ በኔ ምክንያት ጾምዎን እንዳይፈቱ። እኔ ለእናቴ እንኳ አላበላሁም።»

«አንተ ሂሳብ ነው ወይስ ሃይማኖት የምታስተምረው?» አሉኝ። «እኔ ሌላ ቀን ጾሜ ቀዳ አወጣዋለሁ፣ አንድ ቀን ነው። ያንተን ሬሳ ካወጣሁ በኋላ ግን ቀዳ የለህም።» ብለው ወጡ።

አልጋዬ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። በሆስፒታሉ በር አካባቢ፣ ላስታማሚ ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ሴት አለች። ሐጂ ፊቷ ቆመው ሲያናግሯት አየሁ። ጀለቢያቸውን፣ ኮፍያቸውን አይታ ግራ ገባት፤ እንደገና ጠየቀቻቸው። ሻዩን በአንድ እጅ፣ ዳቦውን በአንድ እጅ ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በግላጭ፣ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ እያያቸው። አንድ እሳቸውን የመሰለ ሽማግሌ አጠገባቸው ሲያልፍ ገላመጣቸው። ሐጂ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። ዳቦውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ ቆዩ። እኔ ሁለት ቀን እህል ያልቀመስኩት፣ ከዚያ ዳቦ በቀር ሌላ የማይታየኝ ሰው፣ በላብ ተጠምቄ፣ እንዳይበሉ ልጩህ ወይስ እንዲበሉ ልጸልይ ጠፍቶኝ መስኮቱን ይዣለሁ።

ከንፈራቸው ቢስሚላህ ሲል አየሁት። ዳቦውን ቆረሱ። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ልማድ ሆነባቸውና ቀና አሉ፤ ሰው ሲፈልጉ ነው። በመስኮቱ እኔን አገኙ። እንዳልበላ የታዘዝኩ ሰው መሆኔን ረስተው፣ ቁራሹን ወደኔ ዘረጉት።

መስታወቱ ዝግ ነው፣ ድምፃቸው አልተሰማኝም። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በሬን ቀና ብዬ ያየሁለት ቃል ነው።

«ይብሉ ሐጂ» አልኩ እዚያው አልጋዬ ላይ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየወረደ። «ይብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ።»

ጎረሱ። ነርሷ የሚገፋውን አልጋ ይዛ በበሩ ስትገባ ገና እያላመጡ ነበር።